መልህቅ አይራመድም

ከኤስብዬርግ ወደብ ጀርባ፣ ከበረዶ ፋብሪካው ጥግ፣
አንድ ግቢ ሰጡኝ እንድጠብቅ፣ ዕቃ የሞላው ያለ ወግ፤
የተሰበረ በርሜል፣ መቅዘፊያ፣ ጎማው የወለቀ ጋሪ፣
ጣውላ፣ ገመድ፣ የበር እጀታ፣ ዘንጉ የታጠፈ የመርከብ መሪ።

አርባ ዓመት አናጢ ነበርኩ፤ ቶርኪል ይሉኛል በስሜ፣
ስንት ጣሪያ ያዋቀርኩ፣ ስንት ወለል ያነጠፍኩ ደክሜ።
የማዘጋጃ ቤቷ ሹም፣ ወይዘሪት ክራግ፣ ቁልፉን ሰጥታ፣
ጓንቷን ስታጠልቅ ነገረችኝ፣ ከበሩ ላይ ቆም ብላ ላፍታ፦
«ሥራህ ምንም ነው» አለችኝ፤ «ተቀመጥና ዝም በል በቃ፤
እስኪጠሩህ አትጠጋ፤ እስኪጠይቁህ አትንቃ።»

አይ ምንም!
ከምንም የከበደ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም።

ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ቦዲል የምትባል ልጅ፣
መዶሻውን ካንገቱ አንቃ፣ ምስማር ስትመታ በግራ እጅ፣
ምስማሩ ሲያጎነብስባት፣ እንደ ለማኝ በበር ላይ፣
እጄ ከኪሴ ዘለለ፣ እንደ ውሻ ጌታውን ሲያይ።
መልሼ ከተትኩት። ጥርሴን ነከስኩ።
«ከታች ያዢው እጀታውን» የሚል ቃል ምላሴ ላይ ደረቀ፤
አሥራ አንድ ምስማር አጠመመች፣ አሥራ ሁለተኛው ጠለቀ።

ያኔ ፊቷን አየሁት። ለኔ አልነበረም ፈገግታው፤
ለምስማሩ ነበር፣ ለጣውላው፣ ለክንዷ፣ ለገዛ ምቷ።
አሳይቻት ቢሆን ኖሮ (ዛሬም ያሳፍረኛል ሳስበው)
ያን ፈገግታ እኔ ነበርኩ ሰርቄ ቤቴ የምገባው።

በሳምንቱ አንድ ነገር፣ መሐል ግቢው ላይ በቀለ፤
«ምንድን ነው?» ስል ኤጎን ቀና ሳይል፣ «ገና አልነገረንም» አለ።
ሰኞ ዕለት የላም በረት፤ ማክሰኞ የመብረቅ ሆስፒታል፤
ረቡዕ ፖስታ ቤት ሆነና፣ ለዓሣ ደብዳቤ ይላካል፤
ሐሙስ መርከብ ሆኖ አደረ፣ መርከብ እንደሆነም ቀረ።
ኤጎን፣ ያ ቤቱ የማይናገር፣ ሲናገርም ቃል የሚይዘው፣
ካፒቴኑ እሱ አልነበረም፤ ማዕበሉ ነበር፣ የሚጮኸው።
ማዕበል ደግሞ አይንተባተብም።

«እኔስ?» አልኩ በመጨረሻ።
ካፒቴኗ ቪበከ ከራስ እስከ እግሬ አየችኝ፣ ዋጋ እንደሚቆርጥ ነጋዴ፤
«አንተ መልህቅ ሁን» አለችና፣ ገመድ ጠመጠመች ከሆዴ።

አንድ ከሰዓት ነፋስ መጣ፣ ከሰሜን ባሕር ጨው የያዘ፤
የግራው ግድግዳ ተንገዳገደ፣ እንደ ሰካራም ተጓዘ፤
ወደቀ። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ተነስቼ ነበር፣
በአፌ ሦስት ምስማር ይዤ፣ ስሮጥ፣ ስሮጥ ላስተምር።

«መልህቅ አይራመድም!»
አለች ቪበከ።
ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ተጣሉ። ኤጎን ጣውላ ወረወረ። ቦዲል ሄደች፤ ተመለሰች።
አንዷ ትንሽ፣ ስሟን እስከ ዛሬ የማላውቀው፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣
አንዱን ሳንቃ አጋድማ፣ ከጥግ እስከ ጥግ አሻገረች፤
ገፋችው። አልነቃነቅ አለ። ደግማ ገፋችው። ሳቀች።
እኔ ያን ሰያፍ ድጋፍ የተማርኩት፣ ሰባት ዓመት በኩርኩም ነው፤
እሷ ግን ባንድ ከሰዓት፣ ከነፋሱ ነው የተቀበለችው።

«ምን ተማሩ ዛሬ?» ይሉኛል፣ እናቶች በአጥሩ ቀዳዳ፤
እኔ የታሰርኩ መልህቅ፣ በምን አፌ ላስረዳ?

ትናንት ዝናብ ጣለ። ካፒቴኗም፣ ማዕበሉም፣ የመብረቁም ሐኪም፣
እየጮኹ ወደ ሾርባቸው ሮጡ። እኔን የሚያነሳኝ የለም።
መርከቧ ገና ወደብ ላይ ናት። እኔም እዚያው፣ ሳንቃዬ ላይ፣
ኮቴ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ፣ የወደቡ መብራት ሲበራ እስካይ።

«ምን ሆነህ አመሸህ?» አለች ሲግኔ፣ በሩን ከፍታ።
«መልህቅ ነበርኩ» አልኳት፤ «ሳይስቡኝ ሄዱ፣ ረስተው።»
ምንም አላለች።
የገመዱን ጫፍ ከኮቴ ሥር ፈልጋ አገኘችና፣
ቀስ ብላ፣ እጅ በእጅ፣
ወደ ምድጃው ሳበችኝ።